ለደሬሳ የተመረጠው ሰዓት

«እጅህን ስጠኝ» አለችው አመለወርቅ።

የሺጥላ የሸሚዙን እጅጌ ሰብሰብ አድርጎ ግራ እጁን ዘረጋላት። አመለወርቅ ከብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ያነሳችውን የእጅ ሰዓት አንጓው ላይ አድርጋ ዘለበቱን ቆለፈችና፣ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ገጹ ጥቁር ሰማያዊ፣ ማሰሪያው ብረት የሆነ፣ ወፈር ያለ የወንድ ሰዓት ነው።

«አልጠበበህም?»

«ልክ ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር ሰዓቱን በቅጡ አላየውም። ያየው ጣቶቿን ነው። አንድ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ፣ ከሥራ በኋላ ጎን ለጎን ስንት ጊዜ ሲሄዱ፣ እጁን እንዲህ ይዛው አታውቅም።

ያሉት በጅጅጋ ገበያ የጨርቅ ተራ፣ ኤብላ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ዘመኑ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት። ኤብላ በደጃፏ የምትሰቅለው ሽቲና ሻሽ ነው። ሰዓቶቹ ግን ከጅቡቲ በአይሻ በኩል ተደብቀው የሚገቡ ስለሆኑ፣ የፋይናንስ ፖሊሶች ድንገት ብቅ ቢሉ እንዳይታዩ ከጨርቁ ጥቅል ሥር በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣቸዋለች። የምታወጣቸውም ለምታውቀው ሰው ብቻ ነው። የሺጥላን በደንብ ታውቀዋለች። የጂኦግራፊ አስተማሪ ይሁን እንጂ ሰዓት የሚገዛ ባልደረባው ሁሉ እሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰዓት ይወዳል። ጆሮው ላይ አድርጎ አዳምጦ፣ ጀርባውን አገላብጦ አይቶ፣ ይበጃል ወይም አይበጅም ካለ አለቀ።

የሚገርመው የራሱ እጅ ባዶ መሆኑ ነው። የነበረው ሰዓት ክረምት ላይ ውኃ ገብቶበት ቆሞ ቀረ። ሌላ ለመግዛት ዛሬ ነገ ሲል፣ ሰዓት ማወቅ በፈለገ ቁጥር አመለወርቅን መጠየቅ ለመደ። እሷም ትንሿን የሴት ሰዓቷን አይታ ትነግረዋለች። «የትምህርት ቤቱ ደወል አደረግከኝ እኮ!» ትለዋለች እየሳቀች። ስለዚህ በመምህራን ክፍል ጠጋ ብላ፣ «እቁብ ደርሶኛል። ቅዳሜ የወንድ ሰዓት ልገዛ ነውና አብረኸኝ ትሄዳለህ። ለማንም እንዳትናገር» ስትለው፣ ለማን ነው ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ተላጨ፤ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ። የጅጅጋ ንፋስ መንገዱን ሙሉ አቧራ ሲያለብሰው ገበያው በር ላይ ቆሞ ጫማውን በመሐረቡ ጠረገ።

«ማሻአላህ!» አለች ኤብላ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች። «ወላሂ ባልሽ አምሮበታል።»

አመለወርቅ ሳቀች። «ኧረ ባሌ አይደለም! ባልደረባዬ ነው። እጁን ተውሼው ነው።»

«ተውሼው?» አለ የሺጥላ።

«ሰዓቱ ለደሬሳ ነው» አለችው፣ አሁንም እጁን እንደያዘች። «የእጃችሁ ውፍረት አንድ ነው። እሱ ጉናጋዶ ነው፤ ልለካው አልችልም። ደግሞስ ካንተ በላይ ሰዓት የሚያውቅ ማን አለ? ልነግርህ ስል ስል... አፈርኩህ።»

የሺጥላ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። 

«የትኛው ደሬሳ?» አለ። የሚያውቁት ደሬሳ አንድ ብቻ ነው።

ደሬሳ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። ከደገሐቡር ወዲያ በረሃው ላይ ያለችው ጉናጋዶ ከመመደቡ በፊት ከየሺጥላ ጋር አንድ ቤት ተከራይተው፣ የጀሪካን ውኃ እየተካፈሉ ነው የኖሩት። ከአመለወርቅ ጋር ያስተዋወቀውም ራሱ የሺጥላ ነው፤ አንድ የበዓል ቀን ለምሳ ጠርቷት። ዛሬም ደሬሳ ደመወዝ ሊቀበልና ክትባት ሊወስድ ጅጅጋ በመጣ ቁጥር የሚያድረው እሱ ዘንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ላይ «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ይወጣል። የት እንደሚያፍታታ የሺጥላ ጠይቆት አያውቅም። አሁን ያ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ተግተልትሎ መጣበት። ከሁሉም ይልቅ አንድ ነገር ከነከነው። ዓምና ደሬሳ ጫማውን እያሰረ፣ «አንተና አመለወርቅ ነገር አላችሁ እንዴ?» ብሎት ነበር። እሱም የሆዱን ማውጣት አፍሮ፣ «ምን ነገር? ባልደረባዬ ናት እንጂ» አለው። ደሬሳ ፈቃድ ሲጠይቅ ኖሯል ለካ። በሩን የከፈተለት እሱ ራሱ ነው። ይህን ማወቁ ግን ቅናቱን አላበረደለትም፤ ጭራሽ አባሰበት።

«እና እንዴት ነው? ይሄ ይሁን?» አለች አመለወርቅ። «ለዘወትር የሚያደርገው ነው እንግዲህ። የሚውለው አቧራ ውስጥ ነው፤ ከአንዱ የውኃ ጉድጓድ ወደ ሌላው፣ ከብት ሲከትብ። ግን ደግሞ ሲያዩት የሚያምር ይሁን። ከእቁቤም አይለፍ።»

የሺጥላ አንጓውን ተመለከተ። የምትፈልገው ሰዓት እጁ ላይ ነበር። በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ አውቶማቲክ ነው። ባትሪ አይፈልግ፣ ጠዋት ጠዋት ሙላኝ አይል። ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ ውኃም አቧራም አያስገባም። ደሬሳ እጁን እስካወዛወዘ ድረስ ዓመታት ይሠራለታል። ለደሬሳ። እሱ የሺጥላ ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለደሬሳ ሰዓት እያሞቀለት ነው።

ሰዓቱን ፈታና ጆሮው ላይ አደረገው። የሚያዳምጥ መሰለ።

«ይሄ አይሆንም» አለ።

«ለምን? እንዴት እንደሚያምር!»

«ማማሩን ያምራል። ክዳኑ ግን አልገጠመም፤ አቧራ ያስገባል። ብዙም ሳይቆይ ይቆማል። ደግሞ ከባድ ነው፤ ሥራ ላይ እጁን ይይዘዋል።»

ኤብላ ቀና አለች። «አቧራ? ይሄ?»

የሺጥላ አላያትም። ራሱ እጁን ወደ ቆርቆሮው ሰዶ አንድ ሌላ አወጣ። ስስ፣ ወርቅ ቅብ፣ ማሰሪያው ጥቁር ቆዳ የሆነ ሰዓት ነው። ነጩ ገጹ ቁጥር የለበትም፤ በቁጥሮቹ ቦታ ቀጫጭን ወርቃማ መስመሮች ተሰምረዋል። ለዓይን ከመጀመሪያው ይበልጣል። ቢሮ ተቀምጦ ለሚፈርም ሰው የተሠራ ነው። አመለወርቅ ስታየው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ይሄማ የሚኒስትር ሰዓት ነው የሚመስለው!»

«ዋጋውም ቢሆን ከዚያኛው ይረክሳል።»

«እሱ ባትሪ ነው» አለች ኤብላ። «ባትሪው ሲያልቅ ጅጅጋ እንኳ አይገኝም፤ እኔ ከጅቡቲ ነው የማስመጣው። ጉናጋዶ ከየት ያገኛል? መዓሊም፣ አንተ ታውቅ የለ እንዴ?» መዓሊም በሶማሊኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ኤብላ ሁልጊዜ የምትጠራው እንደዚያ ነው።

አመለወርቅ ወደ የሺጥላ ዞረች። «እውነቷን ነው?»

ዓይኗ ውስጥ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረም። የሚላትን ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅታ ነው የምታየው። ይህ እምነቷ ያሳዝነዋል ብሎ ሰው ያስብ ይሆናል፤ እሱን ግን አናደደው። ሰዓት ስለመምረጥ እንዲህ የምታምነው ሴት፣ ለልቧ ሌላ ሰው መረጠች።

«የድሮዎቹ ናቸው እንደሱ» አለ። «የአሁኖቹ ባትሪ አንዴ ከገባ አምስት ዓመት ይሄዳል።»

«አምስት ዓመት! እስከዚያማ እኛም...» ብላ ሳትጨርሰው ሳቀችና ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «እንግዲህ አንተ ካልክ ይሄው ይሁን።»

ኤብላ የሺጥላን ትንሽ አየችው። ከዚያ፣ ነጋዴ ናትና፣ ሰዓቱን በወረቀት ጠቀለለች።

ሲመለሱ አመለወርቅ ጥቅሉን ደረቷ ላይ አድርጋ መንገዱን ሙሉ አወራች። ደሬሳ ከገና በኋላ ደሴ ላሉት አባቷ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል። ዝውውር ጠይቋል፤ ካልተሳካ ግን እሷ ጉናጋዶ ወርዳ ታስተምራለች። ፈረስ ጋሪ ባጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ክንዱን ይዛ ወደ ጥጉ ትስበዋለች። በፊት ቢሆን ይሄን ለሳምንት ያስበው ነበር።

«አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችው በሯ ላይ ሲደርሱ። «እዚህ አገር ወንድሜ አንተ ነህ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ። 

ደሬሳ በወሩ መጨረሻ መጥቶ ሰዓቱን ተቀበለ። ከአመለወርቅ ዘንድ በቀጥታ የመጣው ወደ የሺጥላ ነው። ገና ከበሩ እጁን ዘርግቶ፣ «አየኸው? የመረጥከው አንተ ነህ አሉ!» ብሎ አቅፎ ግንባሩን ሳመው። ደሬሳ ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሲስቅ ቤት የሚሞላ ሰው ነው። ክፋት አያውቅም። የሺጥላ ክፋት ቢያገኝበት ደስ ይለው ነበር፤ ፈለገ፤ አጣ። ያገኘው ነገር ቢኖር እጁን ብቻ ነው። እራት ሲበሉ ደሬሳ እያወራ እጁን ባወናጨፈ ቁጥር ያ ወርቅ ቅብ ሰዓት በፊቱ ወዲያ ወዲህ ይላል። በቀኝ እጁ ሲጎርስ ግራውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ሰዓቱን ያያል። ውኃ ሊቀዳ ሲነሳ ያወልቀዋል፤ ሲመለስ ያጠልቀዋል። የሺጥላ ዓይኑን ሊነቅል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ዘለበቱን መጀመሪያ የቆለፈችው እሷ ትሆን? እንደኔ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዙራው ይሆን? ወይስ ለእሱ ሌላ ዓይነት አያያዝ አላት?

በማግሥቱ ደሬሳ ሲሄድ የሺጥላ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ያ ባትሪ የሚያልቅበትን ቀን ያሰላ ጀመር። ቆርቆሮ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደኖረ ማን ያውቃል? አምስት ዓመት ቀርቶ አምስት ወር ላይሞላ ይችላል። ሰዓቱ ይቆማል። ደሬሳ ይጥለዋል። ቢያንስ እሱ ከእጁ ይጠፋል። ሐሳቡ የትንሽ ሰው ሐሳብ ስለሆነ አሳፈረው፤ ግን ያጽናናውም እሱ ነበር።

ደመወዙን ሲቀበል እግሩ በራሱ ወደ ጨርቅ ተራው ወሰደው። ሰማያዊው ሰዓት አልተሸጠም።

«መዓሊም፣ ይሄ አቧራ ያስገባል ብለህ አልነበር?» አለች ኤብላ።

«ለገጠር ነው ያልኩት።»

«ሀየ» አለች ኤብላ፤ እሺ እንደማለት ነው። መስታወቱን በልብሷ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችው። ዋጋ አልቀነሰችለትም፤ እሱም አልተከራከረም።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ብቻ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ነገር ግን እጁ ላይ ሲያየው የአመለወርቅ ጣቶች ትዝ ይሉታል፤ ከእሱ ይልቅ እሷ እንድታየው ፈለገ። ለምን እንደፈለገ ራሱም በትክክል አልገባውም። ማክሰኞ ዕለት አድርጎት ወደ ትምህርት ቤት ሄደ።

አመለወርቅ የመምህራን ክፍል ውስጥ ደብተር ታርማለች። የሺጥላ ካጠገቧ ተቀምጦ ሻይ ሲያነሳ ቀይ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ይሄ ያ ሰዓት አይደል?»

«የቱ?»

«ኤብላ ሱቅ እጅህ ላይ ያደረግኩት። አይሆንም ያልከው።»

«እ... አዎ። ሳልፍ አየሁት። በርካሽ ሰጠችኝ።»

«አቧራ ያስገባል አላልክም?»

«እኔ የምውለው ክፍል ውስጥ ነው እንጂ እንደ ደሬሳ በረሃ አይደለም።»

አመለወርቅ ሰዓቱን አየች። ከዚያ ፊቱን አየች፤ ረጅም ጊዜ። የሺጥላ ሻዩን ጠጣ፤ ምላሱን አቃጠለው። አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ወደ ደብተሯ ተመልሳ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ያን ቀን ከሥራ ሲወጡ ገበያ የሚያስኬድ ጉዳይ አለኝ ብላ ብቻዋን ሄደች። በማግሥቱም የምታርመው ነገር በዛባት። ከዚያ በኋላ አብሮ መሄዱ ቀረ። ሰላምታ አልነፈገችውም፤ «እንዴት አደርክ?» ትለዋለች። ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን የሚጠይቃትም፣ የምትነግረውም ነገር አልኖረም። የራሱ ሰዓት አለው።

ደሬሳ እንደገና ብቅ ያለው የካቲት ላይ ነው። በመካከሉ ያሉትን ወራት ደመወዙን በሰው እያስላከ ጉናጋዶ ቆይቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደሴ ደርሰው የአመለወርቅ አባት እሺ ብለዋል። ደሬሳ ከስቷል፤ ፊቱን ፀሐይ ልጦታል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። አመሻሹ ላይ ሻይ አፍልተው ደጃፉ ላይ ሲቀመጡ የሺጥላ መጀመሪያ ያየው እጁን ነው። ወርቅ ቅቡ ሰዓት አለ። ቅቡ በአንድ በኩል ተልጧል፤ የቆዳ ማሰሪያው በላብ ተሰነጣጥቋል። ቆጣሪዎቹ ሰባት ሰዓትን ጥቂት አልፈው ቀጥ ብለዋል፤ ፀሐይ ግን እየጠለቀች ነው።

የሺጥላ ልቡ ዘለለ። ቆሟል! ከዚያ፣ አንድም ነገር እንዳላወቀ ሆኖ፣ «ሰዓትህ ምን ሆነ?» አለ።

«ከገና በፊት ቆመ። ባትሪ ነው ይላሉ። ደገሐቡርም አስፈልጌ አጣሁ። ዛሬ ኤብላን ጠየቅኳት፤ ሰው ከአይሻ ሲመጣ አስመጣልሃለሁ አለች።»

«ታዲያ የቆመ ሰዓት ምን ያደርግልሃል? አውልቀው እንጂ።»

«እንዴት ላውልቀው?» ደሬሳ የተገረመ መሰለ። «እሷ የሰጠችኝ አይደል? ብትፈልግ ይሂድ፣ ባትፈልግ ይቁም።» በአውራ ጣቱ መስታወቱን አሸት አሸት አደረገው። «ጉድጓድ ላይ ሰዎች ስንት ሰዓት ነው ይሉኛል። እጄን አየት አድርጌ፣ ከዚያ ሰርቄ ፀሐይዋን አይቼ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ነቃብኝ። 'ሰዓትህ ሰማይ ላይ ነው እንዴ?' አለኝ።»

ሳቀ። የሺጥላ አልሳቀም። ያጽናናው የነበረው ሐሳብ እጁ ላይ ፈራረሰ። ሰዓቱን ገደለው፤ ደሬሳ ግን ሬሳውንም አልጣለው።

ደሬሳ ሳቁን አቆመና ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አንድ ጊዜ ግን ጉድ አደረገኝ» አለ። «ያ ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ ገብቶብን ነበር። ክትባቱ ዱቄት ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ጥቂት ሰዓት ነው የሚቆየው፤ ካለፈበት ውኃ ነው። ጠዋት በጠበጥኩና መከተብ ጀመርኩ። ሰማዩ በአቧራ ተሸፍኖ ፀሐይ የለችም። ከብቱ ብዙ ነው፤ ሰው ይጮኻል፤ እኔም እከትባለሁ። ገና ጊዜ አለኝ ብዬ። ለካ አልፎበታል። መጨረሻ ላይ የመጣው ዋርፋ የሚባል ሰው ነው። ከሩቅ ነው የመጣው፤ ላሞቹ እግራቸው ቆስሎ። እሱን በጥሩ ክትባት የከተብኩለት መስሎኝ ሸኘሁት። 'ልጆቼ ወተት ይጠጣሉ እንግዲህ' ብሎ መርቆኝ ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ከዚያ አለ? ቀድመው የተከተቡት ዳኑ። የዋርፋ ላሞች ሞቱ። ሁለት ጥጆች ብቻ ቀሩት። ሊወቅሰኝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ሊያጽናናኝ መጣ። 'አላህ ያለው ነው' አለኝ። እኔ ግን የማን ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ። የኔ ነው። ሰዓት ሳይኖረኝ መበጥበጥ አልነበረብኝም።»

ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር። የሺጥላ በራሱ አንጓ ላይ ያለው ብረት ከበደው። እጁን ቀስ አድርጎ ከጉልበቱ በታች አወረደ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣ። ያን ካለ ግን የማን እንደሆነ መናገር ነበረበት። ብርጭቆውን አንስቶ የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጣ። ዋርፋ የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር። በእሱና በደሬሳ መካከል ያለ ነገር ነው ብሎ ያሰበው ክፋት፣ ስንት ቀን መንገድ ተጉዞ የማያውቃቸውን ልጆች ወተት ነጠቀ።

«ተወው በቃ፤ የመጣሁት ለደስታ ነው» አለ ደሬሳ ዓይኑን ጠርጎ። ቃሉ ራሱ ሳያስበው አሳቀው። «ስማ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው፤ መምጣታቸውም ያጠራጥራል። አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ። ከማንም በፊት ለአንተ ልንገር ብዬ ነው።»

 ጎረቤት ፍየል ጮኸች። «እናያለን» አለ የሺጥላ።

«ምን እናያለን አለው? ሱፍ ብቻ አዘጋጅ!» አለና ደሬሳ ትከሻውን መታው።

በማግሥቱ ጠዋት ደሬሳን ወደ ጉናጋዶ የሚመልሰው ላንድሮቨር የእንስሳት ሕክምናው ግቢ ፊት ለፊት ቆሞ ጭነት ይጭናል። አመለወርቅ ክፍል ሳትገባ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ መጥታለች። የሺጥላም ደሬሳን ሊሸኝ አብሮት ወጥቷል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ነው። አመለወርቅ «እንዴት አደርክ?» አለችው፤ በዚያው በለመደችው ድምፅ። ደሬሳ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ራሱ አንስቶ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አኖረው። ከዚያ ያንን የቆመ ሰዓት በልማድ አየው።

የሺጥላ የእጁን ሰዓት ፈታ።

«ይሄን አድርግ» አለ።

«ምንድን ነው?»

«ለሥራህ። ባትሪ አይፈልግም። እጅህ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ይሄዳል። አቧራም አያስገባም።»

«አብደሃል እንዴ? የራስህን!»

«መጀመሪያም ላንተ የሚሆነው ይሄ ነበር። አመለወርቅ መርጣልህ ነበር፤ አይሆንም ብዬ ያስጣልኳት እኔ ነኝ። ጥሩ እንደሆነ እያወቅኩ። ያኛው ባትሪው እንደማይቆይም አውቅ ነበር።»

ደሬሳ ያልሰማ መሰለ። አንዴ የሺጥላን፣ አንዴ አመለወርቅን አየ። አመለወርቅ የቋጠሮውን ጫፍ በጣቶቿ ታፍተለትላለች፤ አልደነገጠችም። የሺጥላ ሰዓቱን በደሬሳ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን አጠፈለት። ደሬሳ ጥቂት እንዳመነታ ሰዓቱን በቀኝ እጁ አጠለቀው። ግራ እጁ ላይ ያለውን አልነካውም።

«አልገባኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ሲመቸን እናወራዋለን። ሠርጉ ሲደርስ...»

«ሚዜህ አልሆንም» አለ የሺጥላ።

«ለምን?»

ምክንያት ሞልቶ ነበር። ከፋሲካ በኋላ የብሔራዊ ፈተና ዝግጅት አለ። እናቱም ከታመሙ ቆይተዋል። የትኛውንም ቢል ይታመናል፤ ደሬሳም አዝኖ፣ እጁን ጨብጦ ይሄዳል። የፈተናው ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሶ ዋጠው።

«ስለቀናሁብህ ነው» አለ። «አሁንም እቀናብሃለሁ።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ደሬሳ አንድ እግሩን መኪናው ላይ እንዳደረገ ቀረ። አመለወርቅ ከቋጠሮዋ ላይ ቀና ብላ የሺጥላን አየችው። የሺጥላ ፊቱን አዙሮ ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድ ሊያፈተልክ ቃጥቶት ነበር። ከዚያ እግሩን ገታና፣ የሚሉትን ሁሉ ሊሰማ እዚያው አቧራው ውስጥ ቆመ።